ዝም ያለው መሳቢያ

መሳቢያው ሲጮህ ልጅቷ ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። ብሎን የሚባለው አጎቷ ይህን ያየው በአጋጣሚ ነው። መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ ሳለ ታላቅ ወንድሙ «ስማው እስቲ» ብሎ የኮሞዲኖውን የላይኛ መሳቢያ ሲስብለት፣ ድምፁ ጥርስ የሚያስፋጭ ሆነበትና ፊቱን ዞር አደረገ፤ በተከፈተው በር በኩልም ሳሎኑ ታየው። የወንድሙ ልጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የፕላስቲክ ኩባያዎች ትደረድር ነበር። ድምፁን ስትሰማ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። አላለቀሰችም፣ ምንድን ነው ብላም አልጠየቀችም። ሶፋው ሥር እጇን ሰድዳ ጫማዎቿን አወጣችና የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ እግሯ አጠለቀች። ከዚያ ተነሥታ ሄደችና ፊቷን ወደ ውጪው በር አዙራ ቆመች። እናቷ እጇን በጨርቅ እያደራረቀች ከማድ ቤት ብቅ አለች። «ዛሬ አይደለም እናቴ፤ አጎትሽ ነው የሚሠራው» አለቻት በለሆሳስ፤ ጎንበስ ብላም ጫማዋን አወለቀችላት።

ታላቅ ወንድሙ ይህን አላየም፤ ወይም ያየ አልመሰለም። ዓይኑ መሳቢያው ላይ ነበር። «ይሰማሃል?» አለ አንዴ ገፋ፣ አንዴ ሳብ እያደረገው። «በገዛ ቤቴ መሀረብ ላውጣ ብል እንኳ ሕንፃው በሙሉ ይሰማል። አሮጌው ይጮኻል ብዬ ጣልኩት፤ አዲሱ ብሶ ቁጭ አለ። ከሚስቴ የበለጠ የሚጨቀጭቀኝ ይሄ መሳቢያ ነው።» ብሎን ሳቀ። ታላቅ ወንድም ሲቀልድ መሳቅ የታናሽ ሥራ ነው። የሳቀው ግን በአፉ ብቻ ነበር፤ ልቡ እዚያ በሩ ጋ ከቆመችው ትንሽ ልጅ አልተመለሰም።

ብሎን የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። አካሉ ቀጭን፣ ራሱ ደግሞ ሰፋ ያለ ስለሆነ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን ብሎን የጠፋበት ዕለት የሚያሳየውን ጭንቀት አይተው እንደሆነ ያውቃል። በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ ተገጣጣሚ የቤት ዕቃ የሚያከፋፍል መደብር ውስጥ ተቀጥሮ፣ ከሰው ቤት ሰው ቤት እየዞረ ቁም ሳጥን ያቆማል፣ አልጋ ያያይዛል፣ የማይዘጋ በር ያስተካክላል። የሰው መኝታ ቤት ሲገባ ዓይኑን ሥራው ላይ መትከል ልማዱ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው የሰው ጓዳ አይቶ እንዳላየ መሆንን ይማራል። የገዛ ወንድም ጓዳ ግን ሌላ ነው። እዚህ ቤት ለበዓልም ለሕመምም ሲመጣ ከሳሎኑ አልፎ አያውቅም ነበር።

ወንድሙን «ጋሼ» ብሎ፣ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረው። እናትና አባታቸው በተከታታይ ሲሞቱ ብሎን ገና ፊደል አልጨረሰም ነበር። ጋሼ ትምህርቱን ትቶ የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ፣ ታናሹንም እስከ መጨረሻው አስተማረ። የተበጠሰ ቁልፍ የሚተክልለት፣ ትኩሳት ሲይዘው በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው እሱ ነበር። አንድ ቀን እንኳ በጥፊ አልመታውም። ታዲያ ብሎን የሚፈራው ምኑን ነው? ጋሼ ዝም ሲል ቤቱ ዝም ይላል፤ ይኸው ነው። ልጅ ሳለ አንድ ነገር ሲያጠፋ ጋሼ ማንኪያውን ያስቀምጥና ያየዋል። አይቆጣም፤ ያየዋል ብቻ። ብሎን ያኔ ቢመታኝ በተሻለ ብሎ ያስብ ነበር። አሁን ጋሼ የመጋዘኑ የጥበቃ ኃላፊ ሆኗል፤ ጢሙ ሸብቷል፤ ብሎንም የራሱን ቤት ተከራይቶ ራሱን ችሏል፤ ያ ፍርሃት ግን እንዳለ አለ።

ኮሞዲኖው አራት መሳቢያ ያለው፣ ከቺፑድ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ነው። ጋሼ ራሱ ነው የገጣጠመው። ብሎን የላይኛውን መሳቢያ ነቅሎ ሐዲዶቹን እንዳየ ችግሩን አወቀው። መሳቢያ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ የብረት ሐዲዶች ግራና ቀኝ አላቸው፤ ይህም በላያቸው ተቀርጿል። ጋሼ ግን ከካርቶኑ የወጣ መመሪያ አገላብጦ የሚያይ ሰው አይደለም። የግራውን በቀኝ አስሮታል። ትንሿ የፕላስቲክ ጎማ በመንገዷ መሽከርከር ሲገባት ብረቱን እየፋቀች ነበር የምትሄደው። ይህን መናገር ግን «ጋሼ ተሳስተዋል» ማለት ነውና ብሎን «ፋብሪካው ነው ጋሼ፤ ዛሬ ዛሬ የሚወጣው ዕቃ እንዲህ ነው» አለ። ወንድሙ በረካ ሰው አኳኋን ራሱን ነቀነቀ። ብሎን ቀጥሎ አራቱንም ላስተካክላቸው ሲል ግን «የላይኛውን ብቻ» አለው። «ሌሎቹ እኮ እንደዚሁ ይጮኻሉ።» «ይጩሁ። የላይኛውን ብቻ ነው ያልኩህ።» ከዚያም መሳቢያው ውስጥ የነበረውን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አነሣና ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ወገቡ ላይ ሻጠው። ብሎን ከአያያዙ ምን እንደሆነ አወቀ። ለሥራው የተሰጠው ሽጉጥ ነው፤ ፈቃድ አለው፤ የሚያስገርም አልነበረም። «ተረኛ ቀይሬ ልመለስ» ብሎ ጋሼ ወጣ። የብረቱ በር ተዘግቶ የእግሩ ኮቴ ደረጃውን ሲወርድ፣ ቤቱ ራሱ ትንፋሹን የለቀቀ መሰለ።

የወንድሙ ሚስት ወዲያው አልመጣችም። መጀመሪያ የማድ ቤቱ ቧንቧ ተዘጋ፤ ቀጥሎ ለልጅቷ አንድ ነገር ስትላት ተሰማ፤ ኋላ ግን ብሎን ቀና ሲል መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኛት። በዕድሜ ከሱ ብዙም አትበልጥም፤ ያም ሆኖ «እትዬ» ነው የሚላት። «ከባድ ነው?» አለችው። «አይ፣ ቀላል ነው እትዬ። ምሳ ሳይደርስ ዝም አሰኘዋለሁ።» «ከባድ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለች። ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ እሷ ግን ፈገግ አላለችም።

«እንዲጮህ ተውልኝ» አለችው።

ብሎን ካቻቢቴውን አስቀመጠ። እሷ በሩን ሳትለቅ፣ አንድ ጆሮዋን ደረጃው ላይ ጥላ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ ነገረችው። ልብስ ሰፊ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ ያለችው ዕለት ነው የተጀመረው። ራት እየበሉ ነበር። ጋሼ አልተቆጣም። ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ፣ አሮጌው ኮሞዲኖ ጮኸ፣ ተመልሶ መጥቶ ያንን ነገር ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠውና «ቀጥዪ፤ እየሰማሁሽ ነው» አላት። አልቀጠለችም። ራቱ ተበላ፣ ጠረጴዛው ተነሣ፣ እሱም ወስዶ መለሰው። ከዚያ ወዲህ እናቷን ለመጠየቅ ልሂድ ስትል፣ እህቷ ስልክ ስትደውል፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ይነሣል። «የመሳቢያውን ድምፅ ስሰማ ልጄን ይዤ ላይኛዋ ጎረቤት ጋ እወጣለሁ። ወንፊት ላውስ፣ ወንፊት ልዋስ፤ የማላመጣው ሰበብ የለም። ሴትየዋ ገብቷታል፤ ዘንድሮ ወንፊት ምን ያህል ትወዳላችሁ ብላ ትቀልድብኛለች። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ነገሩ አልፎ አገኘዋለሁ። አሁን ግን ነቃብኝ። እሱ ሲከፍት እኔ እንደማልኖር ነቃብኝ። እንግዲህ አንተን የጠራህ ለዚህ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

«ምን ብዬ? መታኝ እንዳልል አልመታኝም። ሰደበኝ እንዳልል አልሰደበኝም። ‹እጄን አንሥቼባት አላውቅም› ይላል፤ እውነቱን ነው። ደግሞስ ለማን ልንገር? ለወንድሙ?» ይህን ስትል የክፋት ቃና አልነበረባትም፤ እንዲያውም እንደማዘን አለች። «አሳዳጊህ ነው፤ ይገባኛል። እኔ የምለምንህ መሳቢያውን ብቻ ነው።»

ብቻውን ሲቀር ሁለቱንም መንገድ አሰላ። እንዳለ ቢተወው ጋሼ ገብቶ አንዴ ይስበዋል፤ ነገሩ ያኔ ያበቃል። ወይ ሌላ ሠራተኛ ያስጠራል፣ ወይ ደግሞ «ምን አለችህ?» ይላል። ጋሼ «ምን አለችህ?» ብሎ ከጠየቀው ደግሞ ብሎን መዋሸት እንደማይችል ያውቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያ ዓይን ሲያርፍበት ምላሱ ይፈታል። ዝም ቢያሰኘውስ? ዝም ቢያሰኘው ያች ልጅ ጫማዋን የምታደርግበት ምክንያት አይኖራትም፤ ሳታደርግ ይደርስባታል። መሳቢያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያገላብጠው ቆየ። ሰፊ መሳቢያ ነው፤ ሁለት እጀታ አለው፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ። ሰው ግን ሁለቱንም አይዝም፤ በቀኝ እጁ የቀኙን ይስባል። ሰፊ መሳቢያ በአንድ ጎኑ ሲሳብ ይጣመማል፤ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የሐዲዱ መጥበቅ ነው። ሐዲዱ ጥቂት ቢላላስ? ቀስ ብሎ ለሚስበው ሰው ጎማዋ መንገዷን ታገኛለች። ነጥቆ ለሚስበው ግን የመሳቢያው ማዕዘን የኮሞዲኖውን ጎን ፍቆ ይጮኻል።

ሐዲዶቹን ፈትቶ ግራውን ወደ ግራ፣ ቀኙን ወደ ቀኝ መለሰ። በውሃ ልክ ለካቸው፤ ግራሶ በጣቱ ጫፍ ቀባቸው፤ መሳቢያው ሲዘጋ የሚመታበት ቦታ ላይ ወፍራም ጨርቅ ለጠፈ። ከዚያ የቀኙን ሐዲድ የኋላ ብሎን ጥቂት አላላው። ቀስ ብሎ ሳበው፤ ዝም። መነጨቀው፤ ጮኸ። ሳሎን ውስጥ የኩባያዎቹ መንኳኳት ተቋረጠ። «እኔ ነኝ፤ ተጫወቺ» አለ ጮክ ብሎ፤ ከፍርሃቱ መሃል አንድ ትንሽ ደስታ ብቅ ስትል ተሰማው። የወንድሙን ሚስት ጠርቶ አሳያት፤ እንዲህ ሲሉት ዝም፣ እንዲህ ሲሉት ጩኸት። «የተናደደ ሰው ቀስ ብሎ አይከፍትም» አላት። እሷ መሳቢያውን አየች፣ እሱን አየች፣ አንድ ነገር ልትለው አፏን ስትከፍት የውጪው በር ቁልፍ ተሽከረከረ። ወዲያው ወደ ማድ ቤት ገባች።

ጋሼ ጃኬቱን ሳያወልቅ መጣ። ኮሞዲኖው ፊት ቆሞ በቀኝ እጁ የቀኙን እጀታ ያዘና ሳበ። መሳቢያው ያለ ኮሽታ ወጣ። ገፋው፤ ገባ። ከወገቡ ያንን የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ውስጡ አስቀመጠና እንደገና ሳበ። ክብደቱን ይዞም ዝም አለ። «ወይ ጉድ» አለ ጋሼ፤ ፊቱ በርቶ የታናሽ ወንድሙን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ያስተማርኩህ በከንቱ አይደለም። እጅህ ይባረክ።» ብሎን በዚህ ምርቃት ደስ እንዳለው ሲያውቅ ራሱን ጠላ። ዝም ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ቢወጣ ኖሮ ደግ ነበር። ፍርሃት ግን አፍ ያስከፍታል፤ ኋላ ቢጮህ በኔ እንዳይመጣ ብሎ «ብቻ ጋሼ፣ በኃይል እንዳይስቡት፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ከነጠቁት ሊጮህ ይችላል» አለ።

«በኃይል?» አለ ጋሼ። እጁን ከትከሻው አላነሣም። «እኔ ዕቃ ስነጥቅ አይተኸኝ ታውቃለህ? አንድ ቤት ውስጥ አይደለም እንዴ ያደግኸው? የሚቸኩል የተናደደ ሰው ነው። እኔ አልናደድም። አስቤ ነው የምነሣው፤ ቀስ ብዬ ነው የምከፍተው። ጠይቃት።» ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ወደ ማድ ቤቱ አገጩን ቀሰረ። የወንድሙ ሚስት ድስት ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቅድም ልትነግረው የነበረው ይህንኑ እንደሆነ ብሎን ከፊቷ ላይ አነበበው። አሮጌው ኮሞዲኖ ቀስ ተብሎ ተሳበም አልተሳበ ይጮህ ነበር፤ ብሎን ግን መሳቢያውን እንጂ ሰው አልጠየቀም። ጋሼ ዞሮ እጀታውን አንዴ መነጨቀው። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። «እውነትህን ነው» አለ። «ይሄንንም ጨርሰው። አልቸኩልም፣ እጠብቅሃለሁ።» የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ብሎን ሠራው። ኋላ ሲያስበው፣ ያኔ ሌላ ዘዴ መፈለግ እችል ነበር ይላል፤ ሐዲዱ ተሰብሯል፣ መለዋወጫ የለም ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ያ ዓይን ጀርባው ላይ አርፎ ነበርና እጁ የሚያውቀውን ብቻ ሠራ። ብሎኑን አጠበቀ፣ የቀኙን ከግራው ጋር አስተካከለ፣ ማዕዘኑን በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰ፣ እንዲንሸራተት ሻማ አሸበት። ሲጨርስ ጋሼ በቀስታ ሳበው፣ በኃይል መነጨቀው፣ በአንድ ጣቱ ገፋው። ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅጠል ሄደ መጣ። በሕይወቱ እንደዚህ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

«ለምሳ ቆይ» ተባለና ተቀመጠ። ጋሼ ደስተኛ ነበር። ስለ ቤት ኪራይ መናር አወራ፣ ታናሹ መቼ እንደሚያገባ ጠየቀ፣ «የሚጮህ ኮሞዲኖ ያላት እንዳታገባ» ብሎ ቀለደ። ብሎን ሳቀ። ልጅቷ ጎርሳ ሳታኝክ አባቷን ታያለች። በዚህ መሃል የወንድሙ ሚስት ቀና ሳትል፣ «ልጅቷን ይዤ እናቴ ጋ ልሂድ አስቤያለሁ። ጥቂት ቀን» አለች። ለምን ዛሬ፣ ለምን አሁን እንዳለችው ብሎን ገባው። ነገ የሚያስጠነቅቃት ነገር የለም፤ ዛሬ ቢያንስ አንድ ሰው አለ። ያ ሰው እሱ ነው።

ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ። አፉን በመሀረቡ ጠረገ። ሚስቱን አላያትም፤ ዓይኑ በትከሻዋ ላይ አልፎ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደና ተመለሰ። ብሎን ያችን እይታ አያት። ልጅ ሳለ ያስቸገረው ዝምታ በኋላ የት እንደሚያደርስ አያውቅም ነበር፤ አሁን አወቀ።

«እኔ አደርሳቸዋለሁ» አለ ብሎን። ማን እንደተናገረ ለመለየት ራሱም ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። «ወደ ቤቴ ስሄድ ይዣቸው እወጣለሁ። አሁን።»

«ማንን?» አለ ጋሼ።

«እትዬንና ልጅቷን።»

ጋሼ አየው። ያ እይታ ነው፤ ሳይቆጣ፣ ሳይጣደፍ። ብሎን ዓይኑን አልሰበረም። «አንተም?» አለ ጋሼ፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ቁጣ ይሁን ሐዘን አይለይም። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ወደ መኝታ ቤት ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

ሁለቱም ጆሯቸውን ሰጡ። የወንድሙ ሚስት እጇ ልጅቷ ብብት ሥር ገብቶ እንደቀረ፣ ያንን የለመደችውን ድምፅ ትጠብቃለች። ብሎንም ይጠብቃል። ከማድ ቤት የቧንቧ ጠብታ ይሰማል፤ ከደረጃው የሆነ ሰው ሲያልፍ ይሰማል፤ ከመኝታ ቤቱ ምንም አይሰማም። መሳቢያው ተከፍቶ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ጋሼ አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ይሆናል። ቢከፈትም ባይከፈትም ዝምታው አንድ ነው፤ አንዱ ከሌላው እንዳይለይ አድርጎ ዝምታውን የሠራው ብሎን ራሱ ነው። ካሁን በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ ማንም በሰዓቱ ሊያውቅ አይችልም።

«ተነሺ» አላት በሹክሹክታ።

ልጅቷን አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ ቦርሳም ነጠላም አልፈለገችም። ብሎን ከመኝታ ቤቱ በርና ከእነሱ መሃል ገብቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ኋላ ኋላቸው ተራመደ። የሥራ ቦርሳውን እዚያው ወለሉ ላይ ተወው። የብረቱን በር እንዳይጮህ አድርጎ ከፈተላት፤ እሷ ወደ ደረጃው ወጥታ መውረድ ጀመረች። እሱ እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ አንድ እግሩ ከውጪ፣ አንድ እግሩ ከውስጥ ሆኖ ሳለ ከኋላው ወንድሙ ጠራው። «ትንሹ» አለው፤ ድሮ፣ ትምህርት ቤት ሊያደርሰው ሲጠራው እንደነበረው፤ ድምፁ ከመኝታ ቤት ይሁን ከሳሎን መሃል አልለየለትም።

አፉ «አቤት» ሊል ተከፈተ። የቀረውን እግሩን አውጥቶ በሩን ዘጋው።